በእኔ ድምፅ የተናገረው

መንፈስ አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ የሞተ ዘመዴ መጥቶ እንዲህ አለኝ የሚል ወሬ ሲጀመር እኔ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነበርኩ። እኛ አገር እንዲህ ያለው ወሬ ሞልቷል፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ጭጋጉ ከጨፌው ተነስቶ ደጅ ድረስ ሲመጣና ሰው ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል፣ አንድ ነገር አላየሁም የሚል ሰው አይገኝም። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ፊዚክስ እወድ ነበር፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት እየበየድኩ ነው የምኖረው፣ ብረት ካልጋለ አይጣበቅም፣ ሰው ከሞተ አይመለስም፣ እምነቴ ይኸው ነበር። ዛሬም ቢሆን ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ በቀን ብርሃን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የሆነውን ነገር ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው። በአፌ ልናገረው ደግሞ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ይያዛል። ስጽፍ ነው ደህና የምሆነው።

ወንድሜ አንተነህ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። ይህችን ቃል ማረም እስካሁን አልለመድኩም። ረዥም ነበር፣ ሳቂታ ነበር፣ አፉ ደግሞ ማር፣ ገበያ ውስጥ የተጣሉ ሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ ሦስቱም እየሳቁ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ አጭር ነኝ፣ ዝምተኛ ነኝ። ምላሴ ሲያዝ የሚናገርልኝ እሱ ነበር። አስተማሪ ሲጠይቀኝ፣ ሱቅ ስላክ፣ እንግዳ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ አንተነህ ጉሮሮውን እህህ ብሎ ይጠርግና «ዋለልኝ ይባላል» ይላል። ልጅ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኝ ጀመር፣ ቃሌን ከከንፈሬ ላይ እየለቀመ የሚወስድብኝ ይመስለኝ ነበር።

ውባለም የጎረቤታችን ልጅ ናት። መንደራችን ከይጁቤ ወዲህ ነው፣ የእነሱንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጤፍ ማሳ ብቻ ነው። እኔና እሷ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ እሷም እኛም ማርቆስ ቤት ተከራየን፣ እሷ ከአክስቷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል፣ እኔና አንተነህ ከጎኗ ያለውን ክፍል። የገጠር ልጅ ከተማ ሲማር እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዓርብ ከትምህርት መልስ በእግር ወደ ቤት፣ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። ሦስታችን አብረን ሁለት ዓመት ተመላለስን። የእሷን ስንቅ የምሸከመው እኔ ነበርኩ፣ እሷን የሚያጫውታት ደግሞ እሱ ነበር። ከኋላ ከኋላ እሄዳለሁ፣ እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ስንት ጊዜ እንደሳቀች እቆጥራለሁ።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ነበር። እጅ ለእጅ መያያዝ አፈርን፣ ዱላዬን ዘረጋሁላት፣ እሷ ጫፉን ያዘች፣ እኔ ራሱን ያዝኩ፣ እንዲህ ሆነን ውሃውን ተሻገርን። አንተነህ ቀድሞ ተሻግሮ «ዱላውን ነው ወይስ ዋለልኝን ነው የያዝሽው?» ብሎ ጮኸ። እሷ ቀላች። በእኛ መካከል የነበረው ነገር በሙሉ ይኸው ነው፣ አንድ ዱላ። ወደድኩሽ አላልኳትም፣ እሷም ምንም አላለችኝም። ዱላውን ግን ማርቆስ ይዤው ገባሁ፣ አልጋዬ ሥር አኖርኩት፣ አንተነህ አይቶት አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

እንግጫ የማያውቅ ካለ ልንገረው። እኛ ዘንድ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ልጃገረዶች ጨፌ ወርደው እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ፣ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፣ ከዚያም ለመልካም ምኞት በእናት በአባታቸው ራስ ላይና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። እኛ ቤት ሴት ልጅ የለም፣ ስለዚህ በየዓመቱ የምታስርልን ውባለም ነበረች። አንድ ዓመት የእኔን ስታስር አጥብቃው ግንባሬን ከረከረኝ። «ጠበቀብህ?» አለችኝ። «አ… አይ» አልኳት። ቢቆርጠኝም አይ ነበር የምላት። ከዚያ ወደ አንተነህ ዞረች፣ እሱ ሆን ብሎ አንገቱን አቀና።

«ጎንበስ በልልኝ እንጂ!»

«እኔ ጎንበስ የምለው ለታቦት ብቻ ነው።»

«ቁመትህን ለሞፈር ያድርገው!» አለችው፣ እናቴ ሳቀች፣ ውባለም አንድ እጇን ትከሻው ላይ ጥላ ተንጠራርታ አሰረችለት። እኔና እሷ እኩል ነን፣ ለእኔ መንጠራራት አያስፈልጋትም። እመኑኝ፣ ያን ዕለት ቁመቴን ጠላሁት፣ ያንን ትከሻ ጠላሁት፣ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አንተነህ ትምህርቱን ጨርሶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አምና ሐምሌ ላይ ዝናብ ጥሎ በዋለበት ቀን ባጃጇ ቁልቁለት ላይ ተንሸራታ ተገለበጠች። ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ አንድ ነገር ሊነግረኝ ሞከረ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ ምላስ ተይዞ የእኔ ተፈታ፣ «አይዞህ፣ ኋላ ትነግረኛለህ» አልኩት። ኋላ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ አፍራለሁ። ለቅሶው ላይ ውባለም መጣች፣ ደረቷን እየመታች፣ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። አንተነህ እናቴ ለክረምት ብላ በፈተለችው አዲስ ጋቢ ተጠቅልሎ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ ያሰብኩት ምን ይመስላችኋል? እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን ነው ያልኩት። አርባው ሲወጣም ጥቁሯን አላወለቀችም። የመንደሩ ሴቶች «እህቱ እንኳ ብትሆን» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ሐዘኑ አንድ ነገር ነው፣ ቅናቱ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱ አንድ ደረት ውስጥ ሲገቡ እንዴት እንደሚያደርጉ የደረሰበት ያውቃል። ሕያው ሰው ቢሆን እጣላዋለሁ። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይጣሏል?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለውባለም ሽማግሌ መጣ። ሰውየው ደምበጫ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ደህና ሰው ነው ይሉታል። አባቷ «ልጄን ሳልጠይቅ አልሰጥም፣ መልሱን ለእንቁጣጣሽ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ይህን እንደሰማሁ ከማርቆስ ወደ ቤት ወጣሁ። በቃ፣ ቢያዝም ባይያዝም ምላሴን ጎትቼ እነግራታለሁ፣ እሺ አትበይ እላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መንገዱን ሁሉ ሦስት ቃል ብቻ ነበር የማጠናው፣ «እሺ አትበይ፣ ጠብቂኝ።» ለብቻዬ ስሆን አልያዝም፣ ዛፍና ድንጋይ ላይ አሳምሬ እናገራለሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር፣ የጳጉሜ ማለቂያ። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ደጅ ደጁን ታያለች።

«ዘንድሮ እንግጫ እደጄ እንዳይደርስ» አለች። «ሐዘን ቤት ነው። አንድ ራስ ጎድሎብኝ ማን ላይ ላስር?»

«እ… እሺ እማ።»

«አንተ ደግሞ በዚህ ጭጋግ ወዴት ነው?»

«ጨ… ጨፌ።»

አየችኝ። እናት አይደለች፣ አወቀች። «ብርድ ነው፣ የወንድምህን ጃኬት ልበስ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ውሻችን መቻል አንተነህ ከሞተ ጀምሮ ከግርግም ሥር ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ተነሳና ተከተለኝ። ጨፌው አፋፍ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ከታች እየተንከባለለ ይወጣል፣ አሥር እርምጃ እንኳ አይታይም። ልጃገረዶቹ ሲዘፍኑ ይሰማኛል፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ጭጋግ ድምፅ ያዞራል፣ ይህ በፊዚክስም ያለ ነገር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወደ ታች መውረድ ጀመርኩ። ሣሩ ውሃ ቋጥሯል፣ እግሬ ጨቅ ጨቅ ይላል፣ ትንሽ እንደሄድኩ ግን የሌላ ሰው እግር ጨቅ ጨቅ ሲል ሰማሁ። ስቆም እሱም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል፣ ደግሞ የእሱ እርምጃ ከእኔ ይረዝማል፣ እኔ ሦስቴ ስረግጥ እሱ ሁለቴ ነው የሚረግጠው። የራሴው ገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ገደል ማሚቶ እርምጃ ያስረዝማል እንዴ አላልኩም፣ ማለት አልፈለግኩም።

ያን ጊዜ መቻል ጆሮውን አቆመ፣ ጭራውን ቆላ፣ እንደ ቡችላ እያለቀሰ ወደ ጭጋጉ ገባ። በልቤ፣ ይኸ ውሻ ለማንም እንዲህ አይሆንም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር አልኩ። ቀጥሎ የሰማሁት ጉሮሮ ሲጠረግ ነው። እህህ። ሩቅ አይደለም፣ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

ቀጥሎ የውባለም ድምፅ መጣ፣ እየሳቀች፣

«ጎንበስ በልልኝ እንጂ!»

ቆምኩ። ጭጋጉ ነፋስ ነካውና እንደ መጋረጃ ትንሽ ገለጥ አለ፣ አየኋት። ብቻዋን ነበረች። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ተንጠራርታ፣ ባዶ አየር ላይ አንድ ነገር ታስራለች። ከእጆቿ በላይ ጭጋግ፣ ከፊቷ ጭጋግ። ከዚያ እጇን አወረደች፣ ሰው ሲያናግራት እንደምትሰማው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። እኔም አንድ ማጉረምረም ሰማሁ፣ ቃሉ አይለይም። የራሳችሁን ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የእናንተ ነው፣ ግን የእናንተ አይደለም፣ እንዲያ ያለ ነገር ነበር። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጭጋጉ ተመልሶ ሸፈናት።

ሰው ይፈራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ግን አልፈራሁም፣ ማለቴ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ቅናት ነበር። እንግጫውን ሊያውም የዘንድሮውን፣ ሊያውም በሐዘን ዓመት፣ ለእሱ አሰረችለት! ይኸው ነው ያልኩት። ሞቶም እሱ ነው የሚታሰርለት አልኩ። ወደፊት ሄድኩ።

ከጭጋጉ ስወጣ አየችኝና ደነገጠች፣ ከዚያ ፈገግ አለች።

«ውይ! ደግሞ በዚህ በኩል ዞረህ መጣህ?»

«እ…»

«እንግጫውስ? ጋቢህንስ የት ጣልከው?» አለች፣ ራሴን እያየች። «እናትህ እንዳታይብህ ብለህ ነው አይደል? ልክ ነህ፣ ሐዘን ቤት ይዞ መግባት ነውር ነው። እኔም ሳላስብ ነው ያሰርኩልህ፣ ጉብታ ላይ ቆመህ ነው መሰለኝ ረዝመህብኝ ነበር።»

ለእኔ ያሰረች መስሏት ነው። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ቆሜ አያታለሁ፣ እጇ በእንግጫው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል፣ ጥፍሯ ሥር ቢጫ የአደይ ብናኝ ገብቷል። እንግጫው ነበረ ማለት ነው፣ አስራዋለች ማለት ነው።

«ያልከኝን አደርጋለሁ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ዛሬ ማታ ለአባቴ እሺ እለዋለሁ።»

አሁን ነበር ጊዜው። ሦስት ቃል አጥንቼ መጥቻለሁ። እኔ አይደለሁም ያልኩሽ፣ እሺ አትበይ፣ ጠብቂኝ ማለት ነበር የሚገባኝ። ምላሴ ግን ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ የልቤም ዓይን የሚያየው ያንን መንጠራራቷን ብቻ ነበር። ለእኔ አትንጠራራም። ለማን እንደምትንጠራራ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአፌ የወጣው የማይሆን ነገር ነው።

«ለ… ለእሱ ነው ያሰርሽው! ለአንተነህ!»

ፈገግታዋ ጠፋ። የልጃገረዶቹ ዘፈን ከሩቅ ይሰማል፣ አንዷ ስሟን ትጠራለች።

«በሞተ ወንድምህ ትቀናለህ?» አለችኝ።

እጇ ላይ ያለውን አረንጓዴ አየሁ።

«እንግዲያው ስማኝ። አንተነህ አንድ ቀን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ወንድሜ ልቡ አንቺ ዘንድ ነው፣ መናገር ግን አይሆንለትም፣ እኔ ልናገርለት ወይ?› አለኝ። ‹አይሆንም፣ ራሱ ይናገር፣ እየተያዘም ቢሆን ራሱ ይናገር› አልኩት። ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ። ዋለልኝ፣ ሁለት ዓመት! ያለቀስኩትስ ለማን ይመስልሃል? ስለ አንተ የማወራው ሰው እሱ ብቻ ነበር።» እንባዋ ወረደ። «ዛሬ ይኸው ተናገርክ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትያዝ። ያልከኝ ደግሞ ‹እሺ በይ፣ ሂጂ› ነው። ምን ቀረ ታዲያ?»

«ው… ው… ው…»

ስሟን ልጠራ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆመ። ጠበቀችኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጠበቀችኝ፣ ነጠላዋን ይዛ እስኪወጣልኝ ቆመች። ከዚያ ከኋላዋ «ውባለም! እንሂድ እንጂ መሸ!» የሚል ድምፅ መጣ፣ ዞር አለችና ሄደች፣ ጭጋጉ ዋጣት።

የቆመችበትን ቦታ መረመርኩ፣ እንግዲህ ሳይንስ ያልኩት ሰው እኔ አይደለሁ? የእሷ ዱካ አለ፣ የእግሯ ጣቶች ጭቃው ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል፣ የተንጠራራችበት ማለት ነው። ከፊቷ ያለው ሣር ግን ጤዛው እንኳ አልረገፈም። እንግጫውን በአራት እግሬ ሆኜ እስኪጨልም ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ አታሏት ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ፣ እንዲያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግን ሰው ያለ እግር አይቆምም።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት፣ እየተያዝኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም። ትጮሃለች፣ ታማትባለች፣ ጠበል ትለኛለች ብዬ ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በርዶት ነበር?»

«አ… አላየሁትም እማ። እሷ ናት ያየችው።»

«ጋቢዬን ለብሶ ነበር አላልክም?»

«እሷ ናት ያለችው።»

«ለሷ!» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ፣ ለሷ ይታያል?» ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች፣ ያለቀሰችው ግን ልጅ እንደሞተባት እናት አልነበረም፣ እንደተረሳች ሴት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውባለምን መንገድ ላይ ስታያት ፊቷን ታዞርባታለች።

ውባለም ለአባቷ እሺ አለች። ጥር ላይ ተዳረች። ዳሱ ሲጣል አግዳሚ ተሸክሜ ረዳሁ፣ ሙሽራው ጨበጠኝ፣ እጁ ለስላሳና ሞቃት ነው፣ ልጠላው ፈለግኩ፣ አልሆነልኝም። ጥላቻዬ ሁሉ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሌሊት ሌሊት የማስበው አንድ ነገር ነው። አንተነህ ከሆነ፣ ለምን ሂጂ አላት? ዕድሜውን ሙሉ ሲናገርልኝ የኖረ ሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲናገርልኝ፣ ለምን እንዲያ አለ? ለእኔ አዝኖ ነው? ባሏ ደህና ሰው መሆኑን አውቆ ነው? ወይስ እኔ በእሱ ስቀና የኖርኩትን ያህል እሱም በእኔ ሲቀና ኖሮ ነው? ልቡ እሷ ዘንድ የነበረው የእኔ ብቻ ባይሆንስ? እሱ ላያገኛት እኔም እንዳላገኛት ብሎ ቢሆንስ? ይህን ወንድሜን ስለማውቀው አላምነውም። በሞት አልጋው ላይ ሊነግረኝ ሞክሮ ያልወጣለትን ነገር ስለማላውቀው ደግሞ እንዳላምነው የሚከለክለኝ የለም። የነፍስ አባቴ ጾም አዘዙኝ፣ ጠበል ተጠመቅኩ፣ ጥያቄው አለ።

በዚህ ቢያበቃ አልጽፈውም ነበር። ባለፈው ወር የበየድኩትን በር ለማድረስ ደምበጫ ሄድኩ፣ ከዚያ በፊት እግሬ ረግጧት አያውቅም። በሩን አስረክቤ መናኸሪያ ስደርስ ውባለምን አገኘኋት፣ ዘንቢል ይዛ፣ ትንሽ ወፍራ፣ ጥቁሯን አውልቃ። ሰላም አለችኝ፣ እንግዳ አልሆነችብኝም፣ ትናንት የተለየችኝ ትመስላለች።

«አንተ ግን ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ም… ምኑን?»

«የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር እደጄ ትመጣለህ፣ አጥሩ ጋ ትቆማለህ፣ ግባ ስልህ ራስህን ነቅንቀህ ትሄዳለህ። ጎረቤት ምን ይላል? ባለቤቴ አይቶህ ‹ያ የአገርሽ ልጅ ለምን አይገባም?› እስከ ማለት ደርሷል።» ከዚያ ሳቅ አለች፣ የድሮ ሳቋ ነው። «ሁለተኛ ውጭ አትቁም። ከመጣህ ግባ። እህል ቀምሰህ ሂድ፣ እኛ እኮ ባዳ አይደለንም።»

አልመጣሁም ማለት ነበረብኝ። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አሁንም ግን ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «እ… እሺ» አልኳት። ሚኒባሱ ሞላና ገባሁ፣ በመስኮት ሳያት ቆማ እጇን ታውለበልብልኛለች። ለእኔ ነው፣ ወይስ ለዚያኛው?

ከዚያ ወዲህ ደምበጫ ገበያ በሚቆምበት ቀን ከብየዳ ቤቱ ንቅንቅ አልልም። ምሳዬን እዚያው እበላለሁ። ሲመሽ አሠሪዬን ጋሽ ታደለን «ዛሬ የትም አልሄድኩም አይደል?» እለዋለሁ፣ እሱም «ኧረ አንተ ልጅ ጤና የለህም! ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔ ሥር አይደለህም?» ይለኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስ አይለኝም። እኔ እዚህ ብረት ይዤ ስውል እዚያ አጥሯ ጋ የሚቆም አለ፣ የእኔን መልክ ይዞ፣ በእኔ ስም እየተጠራ፣ እሷ ፊት ለፊት። አሁን ደግሞ ግባ ተብሏል።

ብድግ ብዬ ልሂድ እላለሁ። በሩን አንኳኩቼ፣ እየተያዝኩም ቢሆን፣ ያኛው እኔ አይደለሁም ልበላት እላለሁ። የሚያስቀረኝ አንድ ነገር ነው። ደርሼ ባንኳኳ፣ ወጥታ ብትከፍትልኝ፣ እጇን እየጠረገች፣ ገርሟት «አሁን ወጥተህ አልነበር እንዴ? ደግሞ ምን ረሳህ?» ብትለኝስ?